ዞቴሮ፣ የውጫሌ ውልና የአባቶቻችን ስም

ሐይቅ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደሴ እየወጣሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ውጫሌ ውል ነው። ውሉ የተፈረመበት አገር ሰው ምን ብሎ እንደሚያስታውሰው ነው የማጠናው። ምንጮቼን ለመሰብሰብና ለመጥቀስ ዞቴሮ የሚባል ሶፍትዌር መጠቀም ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። አብረውኝ የሚማሩት ሁሉ «ይሻላል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴ አዎ ነው፣ ይሻላል። ግን የትኛውን ሥራ እንደሚሠራልንና የትኛውን ለኛ እንደሚተውልን ካላወቅን ጉድ ይሠራናል።

ከዚህ በፊት እንዴት እሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስጨርስ ጽሑፌን ያስተየብኩት ደሴ አንድ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። በእጄ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋት፣ ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው፣ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ከዚያ አማካሪዬ አንድ አንቀጽ ከምዕራፍ ሦስት ወደ ምዕራፍ ሁለት አዛውሪ አሉኝ። አዛወርኩ። ከሥሩ «ኢቢድ» የሚል የግርጌ ማስታወሻ ነበረው፤ በአማርኛ «ዝኒ ከማሁ» የምንለው፤ ከበላዩ የተጠቀሰው መጽሐፍ ራሱ ማለት ነው። አንቀጹ ቦታ ሲቀይር «ዝኒ ከማሁ» አብሮት ሄደ። አዲሱ ቦታ ላይ ከበላዩ የነበረው ግን ሌላ መጽሐፍ ነው። እናም እኔ ከአንዱ ደራሲ ያነበብኩትን ሌላው ደራሲ እንዳለው አድርጌ አሳተምኩት። ያየልኝ ሰው የለም። ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ዛሬም ያችን ገጽ ሳስባት ይከፋኛል፤ ሰውየው ያላለውን ነው ያስባልኩት።

ዞቴሮ ይህን ስህተት ከሥሩ ነው የሚነቅለው። ጽሑፉን የምጽፍበት ዎርድ ላይ አብሮ ይገባል። አንቀጽ ሳዛውር የግርጌ ማስታወሻውን ራሱ ያስተካክላል፤ ቁጥሩንም፣ የዋቢ ዝርዝሩንም። አማካሪዬ አንዴ «የአጠቃቀስ ስልቱን ቀይሪው» ቢሉኝ በአንድ ምርጫ የጽሑፉ ሁሉ ይቀየራል። ድሮ ይህ የሦስት ሌሊት ሥራ ነበር።

ዋጋው? ነጻ ነው። ሲጀመርም ለንግድ አልተሠራም። በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሜሪካ ውስጥ ያለው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የአዲስ ሚዲያ ማዕከል ነው። የታሪክ ሰዎች ለራሳቸው ችግር የሠሩት መሆኑ ያስታውቃል። መጽሐፍና የመጽሔት ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ለደብዳቤ፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ለብራና ጽሑፍ የተለየ ቅጽ አለው። እኔ ያስፈለገኝም ይኸው ነበር።

ሌላው የወደድኩለት ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ምንጮቼ ሁሉ ላፕቶፔ ላይ ናቸው። ዳታ ባይኖረኝም አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እጠቅሳለሁ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገኝ አዲስ ነገር ለማውረድና ቅጂውን ደመና ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ባለ ማከማቻ፣ ለማስቀመጥ ብቻ ነው። የደመናው ነገር ለእኔ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ ከሐይቅ ስንወጣ የስድስት ዓመት ማስታወሻ ደብተሮቼን በማዳበሪያ አስሬ ቤት ትቻቸው ሄድኩ። ስመለስ አልነበሩም። ከሽማግሌዎች በቃል የጻፍኩት ነበረበት፣ አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ዞቴሮ በነጻ የሚሰጠው የፋይል ቦታ 300 ሜጋ ባይት ነው፤ ፒዲኤፍ ለሚያበዛ ሰው ቶሎ ይሞላል። ግን የምንጮቹ ዝርዝርና በእጅ የምንጽፈው ማስታወሻ ከዚያ አይቆጠርም። ስለዚህ ፋይሎቹን በፍላሽ እይዛለሁ፣ ማስታወሻዬን ደመና ላይ። ማታ ማታ ሳላስቀምጥ አልተኛም።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው። እኛ የለንም። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስንል ጸሐፊው ባሕሩ ናቸው፣ ዘውዴ አባታቸው ናቸው። በመጽሐፉ መለያ ቁጥር ከኢንተርኔት ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ ዘውዴ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። ከዚያ የዋቢ ዝርዝሩ ላይ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብሎ ይወጣል። መጽሐፉን የጻፉት አባትየው ሆኑ፣ ልጅየው አንዲት ፊደል ሆነው ቀሩ። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ሙሉ ስሙን ሳይገለብጡ «ባሕሩ ዘውዴ» ብለው በ«ባ» ሥር ነው የሚዘረዝሩት። ትክክሉም እሱ ነው።

መፍትሔው እዚያው ዞቴሮ ውስጥ አለ፣ ግን ካልነገሯችሁ አታገኙትም። ከደራሲው ስም ጎን ትንሽ ምልክት አለች። ስትጫኗት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። የተሠራችው ለመሥሪያ ቤት ስም ነው፤ ለኛ ስም ግን ልክክ ትላለች። እዚያ ውስጥ ሙሉ ስሙን ስትጽፉ አይገለበጥም፣ አይቆረጥም። እኔ ይህን ሳላውቅ ወደ ስልሳ የሚሆኑ የኢትዮጵያውያን ስሞችን ገልብጬ አስገብቻለሁ። ሶፍትዌሩ የጠየቀኝን በታማኝነት ሞላሁ፤ የሰጠሁትን በታማኝነት አሳተመ።

መገልበጤን ያሳዩኝ አማካሪዬ አይደሉም። ሐይቅ ዳር ያሉ አንድ አዛውንት ናቸው። ስለ ውሉ አያታቸው የነገሯቸውን አጫውተውኛል። እንደኛ አገር ወግ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር የሚባል ገጽ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይገባል። ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ ላሳያቸው ብዬ ገጹን አትሜ ወሰድኩላቸው። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የልጅ ልጃቸው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበላቸው። የአባታቸው ስም ቀድሞ፣ የእሳቸው ተከትሎ።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«አባቴማ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ያጫወትኩሽ እኔ ነኝ ልጄ። አባቴን ከመቃብር ምን አስነሣብኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። አፈርኩ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ስሞቹን አንድ በአንድ መልሼ አቃናሁ። እስከ ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ በኛ ጫንቃ ላይ ነው። ዞቴሮ መስከረምን አያውቅም። የዓመቱ ሳጥን ውስጥ 1999 ብላችሁ ብትጽፉ 1999 ነው፤ የማን 1999 እንደሆነ አይጠይቅም። አዲስ አበባ በ1999 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ነበረኝ። በፈረንጁ 2006 ወይም 2007 መሆኑ ነው። እኔ እንዳለ አስገባሁት። ከዚያ ምዕራፍ ሁለት ላይ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝኛ ጥናት «ከእሱ በኋላ መጥቶ አረመው» ብዬ ጻፍኩ። የቀደመው ግን የእንግሊዝኛው ነው! አራሚውን ታራሚ አደረግሁት። ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ማን ማንን እንዳነበበ ነው ያዛባሁት።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። የዓመቱ ሳጥን ውስጥ የፈረንጁን እጽፋለሁ፣ «ኤክስትራ» በሚለው ሳጥን መጽሐፉ ላይ እንደታተመው የኛውን ከነዓ.ም.ው አስቀምጣለሁ። ወሩን ካላወቅሁ ሁለቱንም ዓመት እይዛለሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው በአንዱ፣ የቀረው በሌላው ስለሚውል። ጽሑፉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዓ.ም.ውን በእጄ እጨምረዋለሁ። እዚህ ላይ አደራ! በእጅ የሚጨመር ነገር መጨመር ያለበት በቅጂው ላይ ነው፤ ያውም ከዞቴሮ ጋር ያለው ግንኙነት ከተቋረጠ በኋላ። ዎርዱ ላይ ለዚህ የተሠራ ትእዛዝ አለ። አለዚያ ዝርዝሩን አንዴ ሲያድሰው የለፋችሁበትን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋዋል።

ፊደላችንን ያውቃል፣ ሞክሼ ፊደላችንን ግን አያውቅም። «ሐይቅ» ብዬ ስፈልግ «ሀይቅ» ተብሎ የገባውን አያመጣልኝም። አንድ መጽሐፍ «ኃይቅ» ይላል፣ አንዱ «ሃይቅ» ይላል። የምኖርባት ከተማ በአራት ስም ተበትና ተቀምጣ ነበር። ውጫሌም ራሷ አላረፈችም። የታሪክ ተመራማሪው ስቬን ሩበንሰን ስለ ውሉ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ «ዊቻሌ» ብሎ ይጽፋታል። በዓመቱ መልስ የሰጠው ጣሊያናዊው ካርሎ ጂልዮ «ኡቻሊ» ይላታል። ለዚህ መላው መለያ ቃል መስጠት ነው። የደራሲውን አጻጻፍ አልነካም፤ እንደጻፈው ነው መጠቀስ ያለበት። ግን ከጎኑ «ውጫሌ» የሚል መለያ እሰጠዋለሁ። ያኔ ሁሉም ባንድ ጥሪ ይመጣሉ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መጥቀስ ነው። ምንጩን መረዳት ሌላ ነው፤ ከስድስቱ ወር ብዙ የተማርኩትም እዚያ ላይ ነው።

ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መንገዱ ውጫሌን ያልፋል። ውሉ የተፈረመው በዚያው በአምባሰል አገር፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፤ በፈረንጁ ሜይ 2 ቀን 1889። በኛ በኩል ምኒልክ፣ በጣሊያን በኩል ኮንት አንቶኔሊ። ሃያ አንቀጽ አለው። ጦር ያማዘዘው 17ኛው ነው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ማለት ነው። ጣሊያንኛው «ኮንሴንቴ» ይላል፤ በጣሊያን በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል እንደማለት። አንዱ ፈቃድ ነው፣ ሌላው ግዴታ ሆኖ ተተረጎመ። በዚያች ቃል ላይ ነው ጣሊያን ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ ያሳወቀው። ነገሩ አድዋ ደረሰ።

እኔም በዚችው ቃል ተያዝኩ። በረቂቄ ላይ «ይቻላቸዋል» የሚለውን ጠቅሼ የግርጌ ማስታወሻው ላይ ውሉን ራሱን አስገባሁ። የአማርኛው ቅጂ፣ አንቀጽ 17፣ ብዬ። ያምራል። አማካሪዬ በእርሳስ ከበቡት።

«የአማርኛውን ቅጂ የት አየሽው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። አላየሁትም። ያነበብኩት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ደራሲው የአማርኛውን ቃል ጠቅሶ ተርጉሞታል፣ እኔ ከእሱ ወስጄ ወደ አማርኛ መልሼ፣ ውሉን እንዳየ ሰው ቆምኩ።

«እንግዲያው ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ። «ይህ ውል ሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት ሁለት ዓይነት አንብበው የተዋጉበት ነው። አንቺ ደግሞ ሳታነቢው ትጠቅሺዋለሽ?»

ዞቴሮ ይህን አይዝላችሁም። እንዲያውም ስህተቱን ያሳምረዋል። ያላነበብኩትን ሰነድ እንደ ሊቅ ሥራ አሽሞንሙኖ ነበር ያወጣልኝ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቦታው። አሁን ያነበብኩትን መጽሐፍ ነው የምጠቅሰው። ጥቅሱን ሳስገባ ከፊትና ከኋላ የራሴን ቃል የምጨምርበት ሳጥን አለ፤ እዚያ «በእገሌ መጽሐፍ ላይ እንደተጠቀሰው» የሚለውን እጽፋለሁ። ገጹንም እዚያው። ገጽ ቁጥር ካልነገራችሁት አያውቅም፤ እባካችሁ ያኔውኑ አስገቡት፣ በኋላ ፍለጋው አበሳ ነው።

ከዚያ ወዲህ አነባበቤን ቀየርኩ። ዞቴሮ ውስጥ ፒዲኤፍ ከፍቶ በቀለም ማስመር ይቻላል። ቀለሞቹን ሥራ ሰጠኋቸው። ቢጫ፣ ደራሲው ራሱ የሚለው። ቀይ፣ ደራሲው ሌላ ሰው ብሎታል ብሎ የሚያወራው። ሰማያዊ፣ ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው። ቀላል ይመስላል። ግን ሩበንሰንና ጂልዮ በ17ኛው አንቀጽ ላይ ያደረጉትን ክርክር በዚህ መንገድ ደግሜ ሳነብ ደነገጥኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «ጂልዮ እንዲህ ይላል» ያልኩት አንዱ ዓረፍተ ነገር በቀይ የሚሰመር ነበር። ጂልዮ የሚለው አይደለም፤ ሊከራከረው ያመጣው የሩበንሰን ሐሳብ ነው። ሰውየው የሚቃወመውን ነገር አሸክሜው ነበር።

ካሰመርኩ በኋላ ያሰመርኩትን ሁሉ ከነገጹ ወደ አንድ ማስታወሻ ይሰበስብልኛል። ይህ በጣም ግሩም ነው። ግን አደጋም አለው። የደራሲው ቃል እንዳለ እዚያ ተቀምጧል፤ ሲደክማችሁ ገልብጦ መለጠፍ ይመጣል። እኔ ፋይሉን እዘጋውና የገባኝን በራሴ አማርኛ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ካልመጣልኝ አልገባኝም ማለት ነው፣ መልሼ እከፍተዋለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

አያቴ ሼህ ዘንድ የቀሩ፣ ማለት ሃይማኖት የተማሩ፣ ደረሳ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ሐዲስ ሲያወሩ «እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ ሰምቶ» እያሉ ሲቆጥሩ እሰለች ነበር፤ ታሪኩ ቶሎ እንዲመጣልኝ። «ሰነዱ ነው» ይሉኛል። መሐል አንድ ሰው ከጎደለ ሐዲሱ ደካማ ነው ይባላል። ወረቀቱን ሁሉ «ሰነድ» እያልን የምንጠራው ቃል እዚያ ቤት የሰው ሰንሰለት ነበር። አማካሪዬ «የት አየሽው?» ሲሉኝ የሰማሁት የአያቴን ድምፅ ነው። አዛውንቱ ከአያታቸው ሰሙ፣ አያትየው ደግሞ ማን ነገራቸው? አይተው ነው ወይስ ሰምተው? ይህን አሁን በቃለ መጠይቁ ቅጽ ውስጥ እጽፈዋለሁ። ቅጹ የተጠያቂውንና የጠያቂውን ስም፣ ቀኑን ይጠይቃል። የሰንሰለቱ ቦታ ስለሌለ ማስታወሻ አያይዤ እሞላዋለሁ።

አብራኝ የምትማር ልጅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ታጠናለች። የአባ ኢየሱስ ሞአን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል በማይክሮፊልም ቁጥሩ፣ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832 ብላ፣ በብራና ጽሑፍ ቅጹ አስገብታዋለች። ስትጠቅሰው የቅጠል ቁጥሩንም ማስገባት ትችላለች። አማረላት።

ቅር የሚያሰኙ ጥቂት ነገሮች አሉ። የአሮጌ መጽሔት ፎቶ የሆነ ፒዲኤፍ ሲገባ ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ሁሉን በእጅ መሙላት ነው። በላቲን የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው ባንድ ዝርዝር ሲሆን አይጥምም፤ እኔ ለይቼ ነው የማወጣው። የመጀመሪያው ሳምንትም ይከብዳል። ሦስቴ ልተወው ነበር።

ለማን ይሆናል? ከሃያ ምንጭ በላይ ላለው ሰው ሁሉ። ለአምስት ገጽ የክፍል ሥራ በእጅ መጻፍ ይበቃል። ጽሑፉን ግማሽ ካደረሳችሁ በኋላ ከምትጀምሩት ግን ገና ፕሮፖዛል ላይ ሳላችሁ ጀምሩት። «ሪፈረንስ ራሱ ይሠራል ብለውኛል» የሚል ተማሪ ካለ ግን እባካችሁ አንድ ገጽ ላይ ስሞቹን ቆጥሮ፣ ስንቶቹ አባቶች እንደሆኑ ይይ።

የተስተካከለውን የመረጃ አቀባዮች ገጽ ትናንት አትሜዋለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አሁን የአዛውንቱ ስም ቀድሟል፣ አባታቸው ተከትለዋል። እሁድ ከደሴ ስመለስ አደርስላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን መጠየቅ ረስቼ ነበር፣ እሱንም እጠይቃቸዋለሁ፤ አያታቸው ማንን ሰምተው እንደነገሯቸውም።